ለመንገደኛ የሚሆን ቀላል ጃኬት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዱ እጅግ አነስተኛ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቦርሳ ብቻ ይዞ ከቤቱ ለወጣ ተማሪ አለባበስ የኪስም የክብርም ነገር ነው። ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ቢዮ አዋሌ ገጠር ለመስክ ሥራ ስንወጣ ጧት ነፋስ፥ ቀትር ፀሐይ፥ ማታ ቢንቢ ይጠብቀናል። ለእያንዳንዱ ልዩ ልብስ መግዛት አንችልም፤ በሚገባ የተሰፋ አንድ ቀላል ጃኬት ግን ለሁሉም ይበቃል እንላለን።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ይህን ያስገድደናል። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲመጣ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት አስቸጋሪ ስለ ነበረ ድሬዳዋ በቆላው ተቆረቆረች። ከፍታዋ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን የሐረር 1,900 ሜትር ያህል ነው። በደንገጎ ዳገት 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ቆላውን ትቶ ደጋማ አየር ያገኛል። ደግሞም በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ወባ በወረርሽኝ መልክ መነሣቱን አንዘነጋም። አጎበርን የሚተካ ልብስ ባይኖርም፥ ረዥም እጅጌ በምሽት ክንድን ከቢንቢ ይከልላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ጨርቁ ስስ ጥጥ ይሁን፤ ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ ለመካከለኛ ሰው 2 ሜትር ያህል ይበቃል። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፥ ሳይቆረጥ በፊት ታጥቦ ይድረቅ። ገበር ከትከሻ በታች አያስፈልግም፤ ሙቀት ያፍናል፥ ቦርሳም ይሞላል። ገበር ከሌለው ግን ጠርዙ እንዳይተረተር እንደ ካኪ ሱሪ ታጥፎ ሁለት ጊዜ ይሰፋ። ለመታወቂያና ለገንዘብም ቁልፍ ያለው የውስጥ ኪስ ይግባለት። ስለ ቀለሙ፥ ካላችሁ ልብስ ጋር የሚስማማውን ምረጡ። ሁለት ሸሚዝና ሁለት ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ እርስ በርሳቸው ከተስማሙ አራት ዓይነት አለባበስ ይወጣቸዋል፤ ጃኬቱ ሲጨመርና ሲቀር ስምንት ይሆናል።

ጥልፉስ ለምን? ጃኬቱ በመስክ የሥራ ልብስ፥ በሠርግ ቤት የክት ልብስ እንዲሆን ነው። ስፍራውን አባቶቻችንና እናቶቻችን አስቀድመው መርጠውልናል፤ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ በአንገቱና በጠርዙ፥ የሐረሪ ሴቶች ሱሪ ጥልፍ ደግሞ ከእግሩ ጫፍ ላይ ነው። እኛም በአንገትጌውና በእጅጌው ጫፍ እንወስነው። የቦርሳ ማንገቻ በሚያርፍበት ትከሻ፥ ወንበር በሚነካው ጀርባና በክርን ላይ የተጠለፈ ቶሎ ያልቃል። ጥልፉ ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ፥ ሳይገጣጠም፥ ጠፍጣፋ ሳለ ይሠራ፤ እንዳይጨማደድም ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ይደረግለት። ቀለሙ የሚለቅ ክር ልብሱን ሁሉ ያበላሻልና፥ አስቀድማችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትኑት። ሲተኮስም በውስጡ በኩል ይሁን።

የመጨረሻው ነገር ዋነኛው ነው። በሐረር ግንብ ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው ልብስ ሰፊዎች ከሚያሽከረክሩት የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ዛሬ ተሰፍቶ የሚመጣው ርካሽ ልብስና ልባሽ ጨርቅ የእንዲህ ያሉትን ባለሙያዎች ገበያ ይሻማል። ከእኛም መካከል ስለ ጨርቁ ሳይከራከር ከፍሎ፥ ለጠላፊዋ እጅ ሲደርስ «ክር ብቻ አይደለምን?» የሚል አይታጣም። ክር ብቻ አይደለም፤ የዓይን ብርሃንና የቀናት ድካም ነው። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቁ፥ በዋጋው ተስማሙ፥ ቀብድ ስጡ። ገንዘባችሁ ካነሰ ጥልፉን አሳንሱ እንጂ የሠሪዋን ዋጋ አታሳንሱ። ከሠሪዋ ላብ ላይ ተቀንሶ የተገኘ ጌጥ፥ ስለ ሕዝብ እንማራለን ለምንል ለእኛ አያምርብንም።