ጉዱ ካሳ በሬዲዮ



የሀዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር የልብ ወለዱን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን አወቀው። ሀዲስ ዓለማየሁ የፍልስፍናቸውን ከባድ ሸክም የጫኑት በዚህ ሰው ላይ ነው። ባላባት ዘመዶቹ እብድ ይሉታል፤ እሱ ግን ሰው በዘሩ ለምን ይከበራል፣ በዘሩስ ለምን ይናቃል ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለን ከሞት አላዳናቸውም። ቢሆንም ለእነሱ ያላዘነ፣ የራሱን ቤትና የራሱን ልማድ ያልመረመረ አድማጭ ጥቂት ይመስለኛል።

ዛሬ አርሲ ውስጥ፣ አቦምሳ ላይ በጠዋት ሱቁን የሚከፍት ወጣት ሌሊቱን በስልኩ ብዙ አይቶ፣ ብዙ ሰምቶ አድሯል። ለምን እንደሚኖር የጠየቀው ግን የለም። ጉዱ ካሳ ይጠይቀዋል፤ በዚህ አምናለሁ። የፍልስፍና ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ሰው ከፍልስፍና ጋር የሚገናኝበት አንዱ መንገድ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ነው።

ማንበብ የማይችሉ እናት ወይም አባት ቤታችሁ ካሉ፣ ዛሬ ማታ ከመጽሐፉ አምስት ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ከዚያም ምን እንዳሰቡ ጠይቋቸው።