የአየር ማቀዝቀዣን በባትሪ ስለ ማሠራት

ዛሬ ማታ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለደጋ ነዋሪ የቅምጥል ጉዳይ መስሎ ሊታየው ይችላል። ዳሩ ግን በድሬዳዋ፣ በሰመራ ወይም በጋምቤላ ተመድቦ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በሙቀቱ ወራት ሌሊት መብራት ሲጠፋበት፣ በተለይም በቤቱ ሕፃን ወይም በሽተኛ ያለበት እንደ ሆነ፣ የአየር ማቀዝቀዣ የጌጥ ዕቃ አለመሆኑን አሳምሮ ያውቃል።

አንዳንድ ሰው «የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ ባትሪ መግዛት ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ያንኑ ኃይል በምሰሶ፣ በሽቦና በትራንስፎርመር አሳልፎ ከመኝታ ቤት ማድረስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ነፋስ ሽቦ ቢበጥስ ወይም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከዐቅሙ በላይ ቢጫንበት፣ ግድቡ ሞልቶ ሳለ ቤቱ ይጨልማል።

በድሬዳዋ የሚኖር አንድ ዘመድ አለኝ፤ ደመወዝተኛ ነው፤ አረጋዊት እናቱንም ይጦራል። የዕቁብ ዕጣ በደረሰው ጊዜ፣ እናቱን ከሌሊቱ ሙቀት ለማሳረፍ ብሎ ሁለት ባለ 12 ቮልትና ባለ 200 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪዎች፣ ከአንድ ባለ 1500 ዋት ኢንቨርተር ጋር ገዛ። ሻጩም «ሌሊቱን ሙሉ ያሳድርልዎታል» አለው። ዕቃው ተገጠመ፤ አምፖሎቹ በሩ፤ ቤተ ሰቡም ተደሰተ። ነገር ግን የአየር ማቀዝቀዣው ሲከፈት ኢንቨርተሩ ጮኸና ቤቱ በሙሉ ጨለመ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በብዙ ቤት የሚገኘው ባለ 12 ሺሕ ቢቲዩ ማቀዝቀዣ ሥራ ከጀመረ በኋላ 1100 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሣ ግን ለቅጽበት ያህል ከዚህ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይስባል። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ የሚጨምር ሞተር ያለው አዲሱ ዐይነት ማቀዝቀዣ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ጭነት አያመጣም። ችግሩ ይህም ማቀዝቀዣ በገበያ «ኢንቨርተር» ተብሎ መጠራቱ ነው፤ ስለዚህ ገዥ ስለ አንዱ ሲጠይቅ ሻጭ ስለ ሌላው ይመልሳል፤ ሁለቱም ተግባብተናል ብለው ይለያያሉ።

ዘመዴ ተበድሮ ባለ 3 ሺሕ ዋት ኢንቨርተር ለወጠ። በዚህ ጊዜ ማቀዝቀዣው ተነሣ። ሆኖም ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ጠፋ።

እባካችሁ እርሳስና ወረቀት ያላችሁ ሒሳቡን ከእኔ ጋር ሥሩት። 12ን በ200 ብናባዛ 2400 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ሁለቱ ባትሪዎች በአንድነት 4800 መሆናቸው ነው። ሻጩ የሚናገረው ይህን ቍጥር ነው። ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከያዘው ግማሹ ብቻ ሊወሰድለት ይገባል፤ 2400 ቀረ። ኢንቨርተሩ ራሱ ከመቶ 15 ያህል ቢያባክን 2040 ይቀራል። ይህን ለ1100 ስናካፍለው 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል እናገኛለን። ሞተሩ አልፎ አልፎ ካረፈ ጥቂት ይረዝማል፤ በሌላ ወገን ደግሞ በባትሪው ላይ የተጻፈው መጠን ኃይሉ በ10 ወይም በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲወጣ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በሁለት ሰዓት ሲመጠጥ ያን ያህል አይሰጥም። ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ከያዘው ከመቶ 80 በላይ ያለ ጉዳት ይሰጣል፤ ዕድሜውም ይበልጣል፤ ዋጋው ግን በደመወዝተኛ ኪስ ላይ የሚከብድ ነው።

መሙላቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቻርጀሩ 10 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ በግማሽ የጐደሉትን እነዚህን ባትሪዎች ለመሙላት ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት ለሦስት ሰዓት መጥቶ ተመልሶ ቢሄድ፣ የሚቀጥለው ሌሊት በጐደለ ባትሪ ይጀመራል ማለት ነው።

ገጣሚው ባትሪዎቹን ከአልጋ ሥር ማስቀመጡንም ልንገራችሁ። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ነፋስ ከሚገባበት ስፍራ እንጂ ከሰው መኝታ አጠገብ መኖር የለበትም። ፀሐይም ሊያገኘው አይገባም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራልና። ሽቦውም ወፍራም መሆን አለበት። 1100 ዋት በግድግዳችን ሽቦ በ220 ቮልት ሲመጣ 5 አምፔር ነው፤ ከ24 ቮልት ባትሪ ሲወጣ ግን 50 አምፔር ያህል ይሆናልና ቀጭን ሽቦ ግሎ እሳት ያስነሣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሌላ ሰው ሕይወት ነው። አንዳንድ ገጣሚዎች ሥራ ለማቅለል ሲሉ የኢንቨርተሩን ወይም የጄኔሬተሩን ኃይል በሁለቱም ጫፍ መሰኪያ ባለው ገመድ ወደ ግድግዳው ሶኬት ይልካሉ። ዋናው ብሬከር ካልተዘጋ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ትራንስፎርመሩም 220ውን ቮልት መልሶ ወደ 15 ሺሕ ሊያሳድገው ይችላል። በዚያች ሰዓት «መስመሩ ሞቷል» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ጠጋኝ ቤት የሚጠብቁት ልጆች አሉት። ስለዚህ ሁለቱ ኃይሎች ከቶ እንዳይገናኙ የሚያደርገው፣ ቼንጅ ኦቨር የሚባለው ማዞሪያ ሳይገጠም ለገጣሚው የእጁን ዋጋ አትክፈሉ።

ዘመዴ አሁን ባትሪዎቹን ወደ በረንዳው ጥላ አውጥቷል፤ ማዞሪያውንም አስገጥሟል። የአየር ማቀዝቀዣውን ለመስመሩ መብራት ትቶ፣ ለእናቱ ክፍል 60 ዋት የሚወስድ የጣራ ቬንትሌተር ሰቅሏል። ያው 2040 ዋት ሰዓት ለዚህ ሲካፈል 34 ሰዓት ይሆናል። ቬንትሌተር አየሩን ባያበርደውም ላብን ያደርቃል፤ አሮጊቷም መተኛት ችለዋል። የከዚራ የድሮ ቤቶች ጣራቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ ደጃቸው ዛፍ የሞላበት መሆኑም ያለ ነገር አይደለም።

ማቀዝቀዣውን በባትሪ ማሠራት የግድ የሚሆንባችሁ ግን፣ ሻጩ ይህ ባትሪ ይህን ማቀዝቀዣ ስንት ሰዓት እንደሚያሠራ በደረሰኙ ላይ ጽፎ እንዲፈርም ጠይቁት። ዘመዴ ለሁለተኛ ጊዜ ገበያ ወጥቶ ሦስት ሻጮችን ጠየቀ። ሁለቱ አንጽፍም አሉ። ሦስተኛው ጥቂት አሰበና «2 ሰዓት» ብሎ ጻፈ።