ለውጭ በር ቨርኒሽ ወይስ የዘይት ቀለም?

እሱ፦ ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ቀለም አያውቅም። ውኃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲያረጅ ሌላ ይታሰራል። የደብረ ማርቆስ የእንጨት በር ግን ይህ ዕድል የለውም።

እሷ፦ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን እኮ ወንድሜ! ሙቀቱ እንደ ቆላ ባይሆንም ጨረሩ ክፉ ነው። ተራ ቨርኒሽ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ይጎዳና ክረምት ሲገባ ልባሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል።

እሱ፦ ርካሽ ነው ብዬ ልገዛ ነበር።

እሷ፦ ለሳሎን ጠረጴዛ ይሁንህ። ለውጭ በር የዘይት ቀለም ግዛ፤ ማቅለሚያው ራሱ ጨረሩን ይከለክላል።

እሱ፦ ባለ ሱቁ አንድ ጊዜ መቀባት ይበቃል ይላል።

እሷ፦ ይበላ! አንተ የመጀመሪያውን በቲነር አቅጥነህ ቀባ፣ ሲደርቅ ሁለቴ ድገመው። የበሩን የታች ጫፍ ስለማይታይ ማንም አይቀባውም፤ ውኃ የሚገባው ግን በዚያ ነው። በሩ የተሠራበት ባሕር ዛፍ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ቀለሙን አቆየው።

እሱ፦ የተልባ ዘይትስ? ተልባ መቼም አገራችን ሞልቷል።

እሷ፦ ይሆናል፤ ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ሻጋታም ይወደዋል። የቀባህበትን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለህ እንዳትጥል፣ ራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

እሱ፦ ወይ ጉድ፣ ተልባ ነው ወይስ ቤንዚን!