ሦስቱ ቀኖች እንዳያመልጡን
(ለአካባቢያችን ነዋሪዎች በስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የሚያሳፍር ይመስላል። ዳሩ ግን ዝም ባልን ቁጥር የሚጎዱት የገዛ ልጆቻችን ናቸውና እንናገረዋለን። ይኸውም ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተፈጸመ ወይም ኮንዶም ከተቀደደ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ነው።

አንደኛ፣ እርግዝናን በሚመለከት ሰዓቱ ይቆጠር። በአገራችን ፖስትፒል በሚል ስም የሚታወቀው ድንገተኛ መከላከያ ክኒን በ72 ሰዓት፣ ማለትም በ3 ቀን ውስጥ ይወሰዳል። በቶሎ ሲወሰድ የበለጠ ይሠራል። እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ ያዘገያል እንጂ የተጸነሰውን አያስወርድም። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ይደገማል። ሦስቱ ቀን ያለፈባትም ተስፋ አትቁረጥ፤ በባለሙያ ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ እስከ 5 ቀን ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ ክኒኑም ሉፑም ኤች አይ ቪን አይከላከሉም። ለዚህ ሌላ መድኃኒት አለ፤ እርሱም በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ማን ያስፈልገዋል የሚለውን ባለሙያው ይወስናል። በማግስቱ ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ ከ3 ወር በኋላ ይደገም። ፈሳሽ፣ ቁስል ወይም ሲሸኑ ማቃጠል ቢኖር ሁለቱም አብረው ይታከሙ።

ታዲያ አንዳንዶቻችን «ለገበያ ስንወርድ ጎራ እንላለን» እንላለን። ገበያው እኮ በሳምንት ነው፤ መድኃኒቱ ሳምንት አይጠብቅም! በሳሙና ወይም በሎሚ ውስጥን ማጠብም ያቆስላል እንጂ አያድንም። መጀመሪያ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ እዚያ ከሌለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ያስተላልፉናል።

ሦስተኛ፣ የተደፈረች እህታችን ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አትጠብቅ፤ ሕክምናው ይቅደም። ቢቻል ሳትታጠብ፣ የለበሰችውንም ልብስ ሳትጥል ትሂድ። ብትታጠብም ከመሄድ አትቅር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ከመደፈር የመጣ እርግዝና በሕክምና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለዚህም የራሷ ቃል በቂ ነው።

በመጨረሻ ሁላችንንም የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። የጎረቤት ልጅ ጤና ኬላ በር ላይ ብናይ «ምን ሆና ነው?» ብለን አናውራ። በእኛ ወሬ ፈርታ የቀረች ልጅ ሦስቱን ቀን ታጣለች።