ታላቅ ፊልም ስለ ምን አያረጅም?



ታላቅ ፊልም ማለት ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነውን? አይደለም እንላለን። ምስክራችንም ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. በሮማ ከተማ የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» የተባለው የኢጣልያ ፊልም ነው። ዋናው ተዋናይ ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ታሪኩም አጭር ነው፤ አንድ ድኻ አባት እንጀራው የተመሠረተባት ብስክሌት ትሰረቅበታለች፤ ከትንሽ ልጁ ጋር ፈልጎ ቢያጣት፥ በመጨረሻ እርሱ ራሱ ሲሰርቅ በልጁ ፊት ይያዛል።

ያን ጊዜ ተመልካቹ «ሌባ ነው» ብሎ ለመፍረድ አፉ ይያዛል። ልብሱና መኪናው ያረጃል፤ የተቸገረ አባትና የሚመለከተው ልጅ ግን በየዘመኑ አሉና ፊልሙ አያረጅም። እንግዲህ ከሲኒማ ቤት ስንወጣ «ምን ያህል አሳቀን?» ብቻ ሳይሆን፥ «በማን ላይ ቸኩለን ከመፍረድ አዳነን?» ብለን እንጠይቅ።