ከመዝገብ ውጭ ያለው ጎረቤታችን
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የትምህርት ቤታችንን ልደት በደስታ ስናከብር ከመካከላችን የጎደለ አንድ ጓደኛ አለ። አምና ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጥ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በመናኸሪያ ዕቃ ተሸክሞ ይውላል። ምክንያቱን በአጭሩ እንድናገር ይፈቀድልኝ።

አዳማ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመች ከተማ ናት፤ በ1946 ዓ.ም. በአጠገቧ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህም እንጀራ ፈላጊው ከየአገሩ ይመጣባታል። የጓደኛችን እናትም እንዲሁ መጥተው፥ በከተማው ዳር አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተው፥ በግንባታ ሥራ አሸዋ እየተሸከሙ ልጃቸውን ያስተምሩ ነበር። አንድ ቀን ወድቀው እጃቸው ተሰበረ።

ይህን ስል ለችግረኛ ምንም አልተደረገም ማለቴ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሥራ ሲጀምር አዳማ አንዷ ነበረች። ጉልበት ያለው መንገድ አጽድቶ፥ ችግኝ ተክሎ ክፍያ እንዲያገኝ፥ አረጋዊውና አካል ጉዳተኛው ደግሞ ሥራ ሳይጠየቅ እንዲደጎም ታስቦ የተቋቋመ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ለመመዝገብ በቀበሌው ነዋሪነት መታወቅ ያሻል፤ ለዚህም ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። እኒህ እናት መሸኛ አልነበራቸውም። ገጠሩ ሄደዋል ብሎ ሰረዛቸው፤ ከተማው ገና አልመጡም ብሎ አልጻፋቸውም። አብዛኛው እድርም የሚደርሰው መዋጮ ለከፈለ ነው፤ ያውም ለቀብር እንጂ ለተሰበረ እጅ አይደለም። ስለዚህ የቤት ኪራዩን መክፈል የወደቀው በልጁ ጫንቃ ላይ ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንለምናለን። በመጀመሪያ፥ መሸኛ የሌለውን ችግረኛ ቀበሌው በጎረቤቶቹ ምስክርነት ይመዝግበው፤ አብሮት የሚኖር ሰው ከወረቀት ይልቅ ያውቀዋልና። ሁለተኛ፥ እኛ ተማሪዎች ከወንበሩ የጠፋውን ጓደኛ ስም በየክፍላችን ጽፈን ለመምህራችን እናቅርብ፤ በየወሩም ከምሳችን ቀንሰን እናዋጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በሚመጣው ዓመት ይህን በዓል ስናከብር ያ ወንበር ባዶ እንዳይሆን ከዛሬ ጀምረን እንሥራ።