ሳይንን ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ

የዛሬው ርዕሳችን ትሪጎኖሜትሪ ነው። ሬዲዮኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙልኝ። እዚህ ሰሌዳ የለንም፤ ቀመሮቹን በጆሮ ነው የምንይዛቸው።

የሳይን 30 ዲግሪ ዋጋ 0.5 ነው፤ የሳይን 60 ደግሞ 0.866 ገደማ። 30 እና 60 ሲደመሩ 90 ናቸው። ታዲያ ሳይን 90 ስንት ነው? ሁለቱን ዋጋዎች ደምሮ 1.366 የሚል ተማሪ ሞልቷል። ነገር ግን የየትኛውም ማዕዘን ሳይን ከ1 አይበልጥም፤ ሳይን 90 ልክ 1 ነው። ማዕዘኖቹ ስለተደመሩ ሳይኖቻቸው ይደመራሉ ማለት አይደለም።

ትክክለኛውን ቀመር ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። የ«ሀ» እና የ«ለ» ድምር ሳይን እንዲህ ነው፦ ሳይን ሀ በኮሳይን ለ፣ ሲደመር ኮሳይን ሀ በሳይን ለ። የድምሩ ኮሳይን ደግሞ፦ ኮሳይን ሀ በኮሳይን ለ፣ ሲቀነስ ሳይን ሀ በሳይን ለ። ልዩነት ሲሆን በሁለቱም መሃል ላይ ያለው ምልክት ብቻ ይቀየራል። እንግዲህ በጆሮ ለመያዝ ይህን አስታውሱ፦ ሳይን ሁለቱን ያደባልቃል፣ ምልክቱን ግን እንዳለ ይተዋል፤ ኮሳይን ዘመድን ከዘመዱ ያጣምራል፣ ምልክቱን ግን ይገለብጣል። በ30 እና በ60 እንፈትነው፤ 0.5 በ0.5 ሲባዛ 0.25፣ 0.866 በ0.866 ሲባዛ 0.75 ገደማ፤ ድምራቸው 1። ልክ መጣ።

ብዙውን ጊዜ ቀመሩን የምንማረው አጭሩን ለመዘርዘር ነው። እኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ከኋላ ሲነበብ ነው ባይ ነኝ፤ ማለትም ረጅሙን አይቶ አጭሩን መለየት። ለምሳሌ ይህን ጻፉ፦ ሳይን 50 በኮሳይን 20፣ ሲቀነስ ኮሳይን 50 በሳይን 20። ወደ ካልኩሌተር የሚሮጥ ሰው አራት ዋጋ ይፈልጋል፣ ሁለት ጊዜ ያባዛል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ጆሮው የለመደ ግን «ሳይን ኮሳይን፣ ኮሳይን ሳይን፣ መሃሉ ቅነሳ» ብሎ የልዩነት ሳይን መሆኑን ያውቃል። 50 ሲቀነስ 20፣ 30፤ ሳይን 30፣ ግማሽ። አለቀ።

ፈተና አውጪዎችም ይህን ስለሚያውቁ መልኩን ይለውጡታል። ሳይን 80 በኮሳይን 20፣ ሲቀነስ ሳይን 10 በኮሳይን 70 ቢሉን፣ አራት የተለያዩ ማዕዘኖች ስላሉ ቀመሩ አይታይም። ድምራቸው 90 የሆኑ ማዕዘኖች ግን የአንዱ ሳይን የሌላው ኮሳይን ነው። ስለዚህ በሳይን 10 ቦታ ኮሳይን 80፣ በኮሳይን 70 ቦታ ሳይን 20 እንተካለን። አሁን ተጋለጠ፤ መልሱ ሳይን 60 ነው። ሐረጉ ቀመሩን የማይመስል ከሆነ፣ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ማዕዘኖቹን ደምሩ፤ 90 የሚሞሉ ጥንዶች ካሉ መግቢያው እዚያ ነው።

ካልኩሌተር ባልነበረበት ዘመን ይህ ጉዳይ የፈተና ብቻ አልነበረም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቶለሚ፣ ክብን የሚቆርጡ ቀጥታ መስመሮችን ርዝመት በየግማሽ ዲግሪው የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። የተነሣው ከጥቂት ከሚታወቁ ማዕዘኖች ነው፤ 72 ከአምስት ጎን ቅርጽ፣ 60 ከስድስት ጎን ቅርጽ ተገኙለት። ከዛሬው የልዩነት ቀመር ጋር አንድ በሆነ ዘዴ ከሁለቱ የ12ን አወጣ፤ ከዚያ እያጋመሰ 6፣ 3፣ አንድ ተኩል፣ ሩብ ጎደል 1 ደረሰ። የ1 ዲግሪውን በትክክል ማግኘት ስላልተቻለው በአንድ ተኩልና በሩብ ጎደል 1 መካከል አጥብቦ ገመተው። ግምቱ ግን እጅግ ቅርብ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ለማሳጠር መጀመሪያ ማስረዘም ግድ ይላል። ወፍጮ ቤት የሚገባውን ባለ ሦስት ፌዝ መብራት አስቡ። በሦስቱ ሽቦዎች የሚሄደው ኤሌክትሪክ እንደ ሳይን ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ከሌላው በ120 ዲግሪ ይለያል። ሦስቱን እንደምር፦ ሳይን ኤክስ፣ የኤክስ ሲደመር 120 ሳይን፣ የኤክስ ሲቀነስ 120 ሳይን። ኋለኞቹን ሁለቱን ስንዘረዝር ኮሳይን ኤክስ ያለባቸው ክፍሎች አንዱ በመደመር፣ አንዱ በመቀነስ ስለሚመጡ ይሰረዛሉ። የሚቀረው ሁለት ጊዜ ሳይን ኤክስ በኮሳይን 120 ነው። ኮሳይን 120 ኔጌቲቭ ግማሽ ስለሆነ ውጤቱ ኔጌቲቭ ሳይን ኤክስ ይሆናል። ከመጀመሪያው ሳይን ኤክስ ጋር ሲደመር ዜሮ።

በሦስቱ ፌዞች ላይ ያለው ጭነት እኩል ሲሆን በኒውትራል ሽቦ የሚመለስ ኤሌክትሪክ የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ፌዝ ሞተርም ያለ ኒውትራል ይሠራል። በየቤቱ ግን አንዱ ምጣድ ሲጥድ ሌላው አምፖል ብቻ ያበራል፤ ጭነቱ እኩል አይሆንም፣ ድምሩም ዜሮ አይመጣም፤ ስለዚህ ኒውትራሉ ያስፈልጋል።

በሳይን ፋንታ ኮሳይን አድርጋችሁ ያንኑ ድምር ዛሬ ማታ ሥሩት። በዚያኛው የሚሰረዙት ሳይን ኤክስ ያለባቸው ክፍሎች ናቸው።